የዩኒቨርሲቲ ተማሪው የኪስ ጭንቀት፦ ማንን ይጠይቅ? ማንስ ቀድሞ ይጠይቀው?



በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዳባት ከተማ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ሕፃናትን ቁርኣን የምናስቀራበት ክፍል በር ላይ አንድ ወጣት በዝናብ ርሶ ቆሞ አገኘነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማርነው ልጅ ነው። የዚያን ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የምታስታውሱት ይመስለናል። በመላ ሀገሪቱ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህ የሸማኔ ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ውጤቱ የተሰማ ዕለት አባቱ ከሸማው ጉድጓድ ወጥቶ የሹክር ሱጁድ ሲወርድ አይተናል። ልጁ ወደ ደቡብ ሀገር ተመድቦ ሲሄድ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ አውሰነው ነበር። አሁን ያንን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት መጥቷል።

«በዚህ ጊዜ ፈተና ላይ መሆን አልነበረብህም እንዴ?» አልነው።

«ታምሜ ነው ኡስታዝ» አለ፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

ተመልሶ የሚሄድ ተማሪ ግን ጨርሶ ያላነበበውን መጽሐፍ አይመልስም። አስገብተን ሻይ አቀረብንለት፤ ሕፃናቱ እስኪበተኑ ጠበቅን። እውነቱ የወጣው ከመግሪብ በኋላ ነው። በሽታ የለበትም። አብረውት ለሚያድሩት ልጆች 1,850 ብር ዕዳ ነበረበት። ጫማው ተቀድዶ ሌላ ገዝቷል፤ የማስተማሪያ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አስነስቷል፤ ስልኩ ተበላሽቶ አሠርቷል። ቀሪው 500 ብር ደግሞ (ይህን ሲናገር ድምፁ ሊሰማን አልቻለም) «አንድ ጊዜ ባገኝ ዕዳዬን እከፍላለሁ» ብሎ በኳስ ውርርድ ያስበላው ነው። አበዳሪዎቹ አልተቆጡትም፤ አላስፈራሩትም። ግን አፈረ። ዶርም ሰው ሁሉ እስኪተኛ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ጀመር። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን ሸጦ የአውቶቡስ ከፈለና ማንንም ሳይሰናበት መጣ። እናቱ የነገራትን ሕመም አምና ዶሮዎቿን ሸጣ መድኃኒት ገዝታለታለች። መድኃኒቱ ሳይከፈት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ይህ ሁሉ የደረሰው በ1,850 ብር ነው። የዚያን ዕለት የዳባት ገበያ ላይ አንድ ደህና በግ ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር።

መንግሥት የሚችለውና የማይችለው

ብዙ ወላጅ «ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ሁሉን መንግሥት ይችልለታል» ብሎ ያስባል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። በቀደመው ጊዜ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ ማደሪያውም በነፃ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወጪ መጋራት ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግቡንና የማደሪያውን ደግሞ ሙሉውን ዛሬ ሳይሆን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ሊከፍል ውል ይፈርማል። መምህር የሆነ ሰው በአገልግሎቱ ይከፍላል፤ እኛ ራሳችን የከፈልነው በዚሁ መንገድ ስለሆነ በጠመኔ ከፈልነው ብንል ይቀላል። እንግዲህ ውሉ ሲፈረም አንብቡት እንላለን። የሚፈረመው ቀልድ አይደለም፤ ያልተከፈለ ሰው ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት ሲቸገር በዓይናችን አይተናል። ለዛሬው ጭንቀት ግን ይህ ዕዳ ምክንያት አይሆንም። ገና ሩቅ ነው፤ ሥራ ሳይያዝም አይጠየቅም።

ምግብን በተመለከተ ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በካፌ የማይመገበው፣ ተማሪዎች «ኖን ካፌ» የሚሉት፣ ይህንኑ ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። በእጅ መቀበሉ ደስ ይላል። ነገር ግን ኪሱ ለሳሳ ተማሪ አይበጅም ባዮች ነን፤ ምክንያቱም በወሩ መጀመሪያ ጫማ ይገዛበታል፣ በወሩ መጨረሻ ይራባል።

እንግዲህ ማደሪያና እንጀራ ካለ ምን ጎደለ? የጎደለው ትንንሹ ነው። የመንገድ ገንዘብ፣ ሳሙና፣ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ ለላብራቶሪ ነጭ ጋዎን፣ ካልኩሌተር፤ ረመዳን ሲገባም ካፌው ከሚያቀርብበት ሰዓት ጋር ያልገጠመ የሱሑር እራት። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነ ማንም በጀት አይዝለትም፤ ተማሪውም «ለዚህች ብዬ አባቴን አላስጨንቅም» ይላል። ትንንሾቹ ሲጠራቀሙ ነው 1,850 ብር የሚሆኑት።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የአባት ኪስ ራሱ የቆሰለ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። በቅሎ በማከራየት፣ ለቱሪስት ምግብ በማብሰል፣ መንገድ በመምራት ልጆቹን ያስተማረ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ቱሪስቱ ቀረ። ወዲያው ጦርነቱ ተከተለ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደርሶ ስንቱን ከቀየው አፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሳይጠሩ ወራት ሲቆጠር፣ ለመንገድ የተቀመጠችው ገንዘብ እቤት ውስጥ ተበላች። ሸማኔውም ቢሆን የሠራውን ጋቢ ጎንደር አውርዶ ለመሸጥ መንገድ ክፍት መሆን አለበት።

መጠየቅ ነውር ነው ወይ?

ልጁን «ለምን አልነገርከንም?» ብንለው «ኡስታዝ፣ መለመን አይሆንብኝም?» ሲል መለሰልን። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ያሳደግነው ራሳችን በዚሁ ቃል ነው። ኢስላም ልመናን ይጠላል፤ ክብሩን ጠብቆ ከሰው እጅ የማይጠብቀውንም ያወድሳል። ይሁንና ኢማም ሙስሊም ከቀቢሳ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጠየቅ የተፈቀደላቸውን ሦስት ሰዎች ለይተዋል። አንዱ ሰዎችን ለማስታረቅ ዕዳ የተሸከመ ነው፤ ሁለተኛው ንብረቱን መቅሠፍት ያወደመበት፤ ሦስተኛው ደግሞ ከወገኖቹ ሦስት አስተዋይ ሰዎች «በእርግጥ ተቸግሯል» ብለው የሚመሰክሩለት ድሃ ነው።

ይህን ሦስተኛውን ልብ በሉት። ተማሪ እርዳታ ሲጠይቅ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» ይሉታል፤ እሱም እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። የደብዳቤው ሥራ ግን እነዚያ ሦስት ምስክሮች ከሚሠሩት የተለየ ሆኖ አላየነውም። ስለዚህ ደብዳቤው ከቤት ሳይወጣ፣ ልጁ በአካል ባለበት ጊዜ መጻፍ አለበት። ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ከዳባት ገጠር ደብዳቤ ማጻፍ ምን ያህል እንደሚያደክም ሦስት ጊዜ ሞክረን አይተነዋል።

ደብዳቤው ለማን ይሰጣል? በመጀመሪያ ለተማሪዎች ዲን ጽ/ቤት ነው። ሴት ከሆነች የሥርዓተ ፆታ ጽ/ቤትን አትለፍ። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ክፍል ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ፣ የንጽሕና መጠበቂያና የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪያችን መኖሩን ያወቀችው በሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ያውም የጽሑፍ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የሌላ ሰው ማስታወቂያ ስታነብ። ከዚያም የተማሪዎች ኅብረቱና የበጎ አድራጎት ክበቡ አሉ። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓም አለ፤ ጀመዓው ሀብታም ባይሆንም ማን እንደተቸገረ ከዲኑ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። አማካሪ መምህሩም ይነገረው። እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ የጠፋን ልጅ ሰነፍ ነው ብለን እንጽፋለን እንጂ ጫማ የለውም ብለን አንጠረጥርም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል፦ ሳይሰናበቱ አለመምጣት! የእኛ ልጅ ትልቁ ጥፋት ዕዳው ወይም ውርርዱ አልነበረም። ዊዝድሮዋል የሚባለውን ቅጽ ሬጅስትራር ሄዶ ሳይሞላ መውጣቱ ነው። ቅጹን ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ የወጣ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ የመመለሻ ማመልከቻ የማስገባት መንገድ አለው። ዝም ብሎ የጠፋ ግን እንደ ተወ ይቆጠራል፤ መመለሱም በልመና ይሆናል። ማንም ተማሪ የቱንም ያህል ቢጨንቀው፣ ይህን አንድ ወረቀት ሳይሞላ አውቶቡስ ላይ እንዳይወጣ አደራ እንላለን።

የጥንቱ ደረሳና የዛሬው ተማሪ

ወላጆቻችን ይህን ችግር አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። በወሎም፣ በጎንደርም፣ በሌላውም ሀገር ደረሳ ኪታብ ፍለጋ ቀዬውን ጥሎ ሲሄድ ስንቁ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነበር። የደረሰበት መንደር ግን «ምን ይዘህ መጣህ?» አይለውም። አንዱ ቤት እራቱን፣ ሌላው ማደሪያውን ይችላል፤ ልብሱ ሲያልቅ የሚያለብሰው አይጠፋም። ደረሳን ማብላት ለመንደሩ በረካ ነበር።

ነገሩ ከሀገር ውጭም ይዘልቃል። ካይሮ በሚገኘው በታላቁ አል-አዝሃር ከየሀገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። ከእኛ ከአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱት የተለየው «ሪዋቅ አል-ጀበርቲያ» ይባል ነበር። በሪዋቆቹ ያሉ ተማሪዎች ከወቅፍ ንብረት በሚገኝ ገቢ የዕለት ዳቦ ይታደላቸው ነበር። ስመ ጥሩው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ እ.ኤ.አ. በ1753 ካይሮ ውስጥ ተወለደ፤ ቀደምት አያቱ በተማሪነት ከዚህ ምድር ሄዶ የዚህ ሪዋቅ አለቃ ሆኗል፤ አለቅነቱም ለትውልድ በቤተሰቡ ቆይቷል። ያ ስንቅ አልቆበት የሄደ ልጅ ዳቦ ባያገኝ ኖሮ የግብፅ ታሪክ አንድ ታላቅ ጸሐፊውን ባጣ ነበር።

ታዲያ ዛሬ ምን ሆነ? ኪታብ ተሸክሞ የሚመጣውን ደረሳ እናበላለን። የኢንጂነሪንግ ወይም የነርስነት መጽሐፍ ይዞ የሚመጣውን ግን የመንግሥት ልጅ ነው ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም ግን ከእናታቸው ጓዳ የወጡት በአንድ ዓይነት በሶ ነው።

ዘካን በተመለከተ በሱረቱ-ተውባህ ከተዘረዘሩት ስምንቱ ባለ መብቶች መካከል ድሃው፣ ባለ ዕዳውና መንገደኛው ይገኛሉ። ኢማም አን-ነወዊ ሠርቶ መብላት እየቻለ በሸሪዓ ዕውቀት ፍለጋ ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሰው ዘካ መቀበል እንደሚፈቀድለት ጽፈዋል። በዘመናችን ያሉ ዑለማእ ደግሞ ኅብረተሰቡ የሚያስፈልገውን ሌላውን ዕውቀት የሚማረውንም ከዚህ ጋር ያዩበት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድሃ ከሆነ በድህነቱ ብቻም ይገባዋል። ዝርዝሩን በየአካባቢያችን ያሉትን ዑለማእ እንጠይቅ፤ የእኛ ድርሻ ልጁን ማሳየት ነው።

የማይበጀው ብድር

አራጣ በሃይማኖታችን ሐራም፣ በሀገራችንም ሕግ ወንጀል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አዲሱ ፈተና ስልክ ላይ ያለው ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ ብድሮች መጥተዋል። ማንንም ሳያፍሩ ሌሊት በአልጋ ላይ ሆኖ መበደር ይቻላል፤ ዓይን አፋሩን ተማሪ የሚስበውም ይኸው ነው። ክፍያ ይታከልበታል፤ ቀኑ ካለፈም ይጨምራል። የሙስሊም ተማሪ ሒሳብ ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ይከፈት፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ በሌሎቹም ባንኮች የተለየ መስኮት አለ። ስለ ኳስ ውርርዱ ብዙ አንጽፍም። ቁማር መሆኑን ልጆቹ ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ የሚገቡበት ግን ዕውቀት ጎድሏቸው ሳይሆን ጨንቋቸው ነው።

አንድ ደብተር

ወደ ልጁ እንመለስ። «የሐኪም ወረቀት የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ፤ ታሞ ነበር ይበሉልኝ» አለን። እምቢ አልን። የሆነውን ሁሉ፣ ውርርዱን ጭምር፣ በገዛ እጁ ጽፎ አመለከተ። አንድ ዓመት ባከነበት፤ በሚቀጥለው ግን ተቀበሉት። አባቱ ምንም አልተናገሩም፤ እናቱ ግን እቤታቸው ስንሄድ «ኡስታዝ፣ ይኸን ያህሉን አንቱ ብታውቁ፣ እኔ እናቱ ሳላውቅ!» ብለው አለቀሱ።

ዕዳውን ለመክፈል ሰዎች ስናሰባስብ ጸብ ተነሳ። አንድ አዛውንት ሐጂ «የሙስሊም ዘካ ለቁማር ዕዳ አይከፈልም!» ብለው ተነሡ። ልክ ነበሩ። ስለዚህ 1,350ው ተከፈለ፤ 500ውን ልጁ ራሱ ክረምቱን ከአባቱ ጋር ጋቢ እየሠራ ሞላ። ጥሩም ሆነ፤ በኋላ ሐጂው ራሳቸው የመንገዱን ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሆነን በየወሩ መቶ መቶ ብር እናስቀምጣለን። ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ከወንዶቹ ይልቅ በወቅቱ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው። በአንደኛው ዘካ ይጻፋል፤ እሱ ለተቀባዩ የሚሰጥና የማይመለስ ነው። በሁለተኛው ሰደቃ አለ፤ ከእሱ በቀርደል-ሐሰን፣ ያለ አንዳች ጭማሪ እናበድራለን። ብድሩ በጽሑፍና በምስክር ይያዛል፤ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም። ስም በመስጂድ አይነበብም። ገንዘቡ በባንክ ይገባል፤ ፎቶ አናነሳም። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ እስኪጠይቅ አንጠብቅም፤ ምደባ የወጣ ሰሞን ቤቱ ሄደን የመጀመሪያውን ሁለት ወር እንጠይቃለን። እስካሁን አሥራ አንድ ተማሪዎች ተበድረዋል፤ አራቱ መልሰዋል፤ ሁለቱ ስልክ አያነሱም። ስልክ የማያነሱትን ለመፈለግ ሌላ ሰው ላክን፤ ገንዘቡን አትጠይቅ፣ ደኅንነታቸውን ጠይቅ ብለን።

የሰጪነት ተራ ደግሞ በደጃችን አለ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከቆላ ሀገር የሚመጡ ልጆች ከ2,800 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ከተማችን በስስ ሸሚዝ ይወርዳሉ። የኅዳርን ውርጭ እኛ እናውቀዋለን፤ እነሱ አያውቁትም። ደባርቅ ውስጥ ሰልባጅ የሚሸጥ አንድ ወንድም ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ክፍት አድርጎ «ምረጡ፤ ስትመረቁ ትከፍላላችሁ» ይላቸዋል። ሒሳብ ሲይዝ ግን አላየነውም። በረመዳንም ተማሪዎችን ለሁለት ለሁለት ለኢፍጣር የሚወስዱ ቤቶች አሉ። ቁጥራቸው ግን ከተማሪው ጋር አይመጣጠንም፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የደባርቅ ቤተሰቦች የራሳችሁን ቤት አስቡት።

የሸማኔው ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። ባለፈው ወር ማታ ደወለልን። ዶርማቸው አዲስ የገባ አንድ ተማሪ አለ፤ ሰው ሁሉ እስኪተኛ አይመጣም፤ ጠዋትም ማንም ሳይነሳ ይወጣል።

«ኡስታዝ፣ ምን ልበለው?» አለን።

«ምንም አትምከረው» አልነው። «ስንት ብር እንደሆነ ብቻ ጠይቀው።»